ከሰላምታው በታች የተጻፈው

ማክሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ «የለም» አለኝ።

ያለኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስክሪኑ ላይ በተከፈተው ጥቁር መስኮት፣ በነጭ ፊደል፣ «ትእዛዙ አልተገኘም» ብሎ። የጻፍሁለት ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስከፍተው የነበረውን የካርታ ፕሮግራም ስም ነው። እኔ ብረሳው ጣቴ አይረሳውም። ደግሜ ጻፍሁት። የለም። ፊደል ስቼ ይሆናል ብዬ በአንድ ጣት እየለቀምሁ ጻፍሁት። የለም። ዞር ዞር ብዬ ክፍሉን አየሁ። አምስቱም ሰዎች በየስክሪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁና ሥራ የበዛበት ሰው መስዬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ።

የዚያ ሳምንት ጥፋቴ ከዚያች ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው የጀመረው።

እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደደረስሁ ልናገር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ማለፊያ ነጥብ አልመጣልኝም። ላሳምረው አልፈልግም፣ አልመጣልኝም። ከዚያ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ አንድ የኮምፒውተር ቤት ተቀጠርሁ። ስልክ ላይ ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ፣ ላፕቶፕ ፎርማት አደርጋለሁ፣ ቫይረስ አጠፋለሁ። እዚያ ቤት ሁሉም ነገር በፍላሽ ይመጣል፣ በፍላሽ ይሄዳል፤ ቫይረሱም ጭምር። አንድ ሕግ ነበረን። ደንበኛ «አለ?» ካለ መልሱ «አለ» ነው። ከሌለ ደግሞ «አለ፣ ከሰዓት ብቅ በሉ» ነው፤ እስከዚያ ከጎረቤት ሱቅ ተለምኖ በፍላሽ ይመጣል። «የለም» የሚል ሠራተኛ የባለቤቱን ፊት ማየት አይችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ «የለም» ብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህር የሞተ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ዶክተር ናቸው፤ እኔም ዶክተር እያልሁ ነው የምጠራቸው። ላፕቶፑን ሳስነሣ እጄን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «አንቺ፣ ዓይንሽም እንደ እጅሽ ፈጣን ነው?» አሉኝ። ሥራው ይህ ነበር፤ ከሰማይ የተነሡ የጣና ምስሎች አሉ፣ እነሱ ላይ እምቦጭ የወረረውን ውኃ ከደንገሉና ከሣሩ ለይቶ ጠርዝ ጠርዙን በመስመር መክበብ። «ዲግሪ ያለው ሰው ሞልቶኛል፤ ሳይሰለች የሚያይ ነው ያጣሁት» አሉ። የአንድ ወር ሙከራ ሰጡኝ። በወሩ ውስጥ ካርታው ከደረሰ የአንድ ዓመት ውል እፈርማለሁ፤ ካልደረሰ ወደ ሹም አቦ፣ ወደ ዘፈኑ።

ውሉን ምን ያህል እንደፈለግሁት መናገር ያሳፍረኛል። በዩኒቨርሲቲው በር ስገባ ጥበቃው መታወቂያ ሲጠይቀኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዲግሪሽ የት አለ እንዳይሉኝ ስሸሽ ነው የዋልሁት። አንዱ «የየትኛው ባች ነሽ?» ሲለኝ «የቆየ ነው» ብዬ አለፍሁት። ማንም መልሶ አልጠየቀኝም። እኔ ግን በየቀኑ እየጠበቅሁ ነበር።

ምስሎቹ ከባድ ስለሆኑ ጠረጴዛችን ላይ ባሉት ኮምፒውተሮች አይከፈቱም። ሁላችንም ከየወንበራችን ወደ አንድ ትልቅ የጋራ ማሽን ነው የምንገባ። ዩኒክስ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ማውዝ ይዞ እዚህም እዚያም መንካት የለም፣ የምትፈልገውን ጽፈህ ታዘዋለህ። ማሽኑ ያለው ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከአንድ የብረት በር ጀርባ ነው። የሚጠብቁት ሰው ጋሼ ናቸው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚላቸው። ባሕር ዳር በሙቀት ስትቀልጥ ጋቢ ተከናንበው የሚውሉ ሰው እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ያ ክፍል ሁልጊዜ እንደ ደጋ ይበርዳል።

ከኔ በፊት ሥራውን ትሠራ የነበረችው ልጅ ሁለት ቀን አሳይታኝ አግብታ ሄደች። የተወችልኝ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት፤ መግቢያው፣ የይለፍ ቃሉ፣ የፕሮግራሙ ስም። ሦስት መስመር። መግቢያው የሷ ነበር፤ በኋላ ግን ክፍሉ ሁሉ በሱ ነው የሚገባ። የይለፍ ቃሉ በየኪቦርዱ ሥር በፕላስተር ተለጥፏል። ማን ምን እንደሠራ ማንም አያውቅም፣ የሚጠይቅም የለም። ገና ዓይኔ እየለመደ ስለነበር በዚያ ሁለት ሳምንት አሥራ አራት ምስል ከነበረው ስድስቱን ብቻ ከበብሁ።

ሰኞ ከሰዓት ጋሼ ብጥስጣሽ ወረቀት ይዘው መጡ። «ከነገ ጀምሮ ያ የጋራ መግቢያ ይዘጋል» አሉ። «እንደ ሕዝብ መጸዳጃ ሁሉም አንድ በር! ይኸው፣ ለየራሳችሁ።» የኔ ወረቀት ላይ ስሜ ከነአባቴ ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ዩኒቨርሲቲው ስሜን ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው። ወረቀቷን በስልኬ ፎቶ አነሣኋት።

በማግሥቱ በራሴ ስም ገባሁ። ማሽኑ ሲገቡበት እንደ ቄስ ቡራኬ ረዘም ያለ ሰላምታ አለው፤ እንኳን ደህና መጡ ይልና መስመር በመስመር ይወርዳል። እኔ ደግሞ ከሱቅ ያመጣሁት ልማድ ነው፣ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት» ብሎ ማለፍ። አለፍሁት። የፕሮግራሙን ስም ጻፍሁ። የለም።

አራት ሰዓት ላይ ዶክተር ብቅ አሉ። «እንዴት ነው፣ ይሄዳል?»

«ይሄዳል!»

አፌ ነው የመለሰ። «አለ፣ ከሰዓት ብቅ በሉ» እንደማለት።

«በይ ጎሽ። ዓርብ ከሰዓት ካርታውን እምቦጭ ለሚነቅሉት ለዘመቻው ሰዎች እሰጣለሁ። ሰኞ በጀልባ የሚወጡት በሱ ነው፤ እምቦጩ ያለው ወዲያ ማዶ ነው፣ ዝም ብለው ቢወጡ ቀኑን ሙሉ ሲንገላቱ ይውላሉ።» ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ።

ለምን አልጠየቅሁም? አሥር እርምጃ ነው የብረቱ በር። ጎኔ ያለው ሰው ክንዴ ይነካዋል። ግን አንዴ «ፕሮግራሙ የት ሄደ?» ካልሁ ቀጥሎ «እንዴት ይህን አታውቂም?» ይመጣል፣ ከዚያ «ምን ነበር የተማርሽው?» ይመጣል፣ ከዚያ ሁሉም ይመጣል። ደግሞ በልቤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብያለሁ። ሰኞ ማታ ስወጣ አንድ ነገር ነክቼ ይሆናል። የሌላ ሰው ንብረት፣ የዩኒቨርሲቲ ንብረት።

ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። በምሳ ሰዓት ባጃጅ ይዤ ሹም አቦ፣ የድሮ አሠሪዬ ዘንድ ሄድሁ።

«እንዲህ የሚባል ፕሮግራም አለ?» አልሁት።

«አለ!» አለኝ። «ከሥራ ስትወጪ ብቅ በይ።»

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ አማረኝ። ለካ ደንበኛ ሆኖ ሲሰሙት እንዲህ ነው። ከሥራ ስወጣ ግን እውነትም አምጥቶ ፍላሽ ላይ ጭኖልኛል፤ «ሦስት ዓይነት ነው፣ አንዱ መቼም ይሠራል» አለኝ።

ረቡዕ ጧት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ፍላሹን ሰካሁና ወደ ራሴ ቦታ መገልበጥ ጀመርሁ። መሐል ላይ ድርሻሽ ሞልቷል አለኝ። ለእያንዳንዱ ሰው የተመተረ ቦታ አለው ለካ። የፕሮጀክቱ የጋራ ቦታ ግን ሰፊ ነው፣ እዚያ ገለበጥሁት። የመጀመሪያው የዊንዶውስ ሆነና አልነሣ አለ። ሁለተኛውን ዘረገፍሁት፣ እንደገና በሌላ ፎልደር ዘረገፍሁት። ሦስተኛው የተሻለ መሰለኝ፤ ጥቂት ሄደና የማሽኑን ባለቤት የይለፍ ቃል አምጪ አለኝ። የራሴን ሰጠሁት። አልተቀበለውም። ደግሜ ሰጠሁት። አራት ጊዜ። በመጨረሻ አንዲት መስመር ጻፈልኝ፤ አንቺ አልተፈቀደልሽም፣ ይህ ድርጊት ሪፖርት ይደረጋል።

ሰላምታውን ሳላነብ ያለፍሁት ሰው ያችን መስመር ሃያ ጊዜ አነበብኋት። ለማን ነው ሪፖርት የሚደረገው? ለፖሊስ? ለዶክተር?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ሰው ከወንበሩ ብድግ አለ። የመራዊ ከተማ ልጅ ነው፣ ሦስተኛ ዲግሪውን የሚሠራ፤ የመስኖ ውኃ ነው የሚያሰላ። ስሌቱን ለማሽኑ ሰጥቶት ስድስት ቀን ሲጠብቅ ነበር፤ በየጧቱ «ዛሬም ይሮጣል» እያለ ሚስቱ ልትወልድ እንደ ደረሰች ሰው ነው የሚጠብቀው።

«ቆመ!» አለ። «ሞልቷል ይለኛል! የጋራው ቦታ ሞልቷል! ማነው የሞላው?»

«ያንተው ውኃ ነዋ፣ ፈሰሰብህ» አለው አንዱ።

«ቀልድ አይደለም! ስድስት ቀን ነው! ፊልም ጫናችሁበት እንዴ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን አልረሳውም፣ አብሬ ሳቅሁ። ፍላሹን በቀስታ ነቅዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትሁት። ፋይሎቹን ላጠፋ ፈለግሁ፣ ግን ስነካው ሌላ ነገር ቢቆምስ? ማጥፋቱም ሪፖርት ቢደረግስ? እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያንኑ ባዶ መስኮት ሳይ ቆየሁ።

ወደ ቤት ስሄድ በሐይቁ ዳር ዞርሁ። ሰው ዓሣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል። ከከተማው በኩል ውኃው ንጹሕ ነው፤ እምቦጩን ለማየት ማዶ መሻገር ወይም ያን ስክሪን መክፈት ያስፈልጋል። ሰኞ በጀልባ የሚወጡትን ሰዎች አሰብሁ፣ ቶሎ ግን ተውሁት፤ እውነቱን ለመናገር ያሳሰበኝ እነሱ አልነበሩም። ያቺ ስሜ ያለባት ወረቀት ናት።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር ያገለግላሉ። ቤት ስገባ እግራቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። እራት ሲቀርብ አልነካ አልሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም የሆነ ሰው እንዲህ እህል አያይም።»

በመጨረሻ አፈረጥሁት። ስለ ማሽኑ እንዴት እንደምነግራቸው አላወቅሁም፤ ብዙ ሰው የሚገለገልበት አንድ ትልቅ ዕቃ አለ አልኋቸው፣ ውስጡ የነበረ መጽሐፍ የመሰለ ነገር ጠፋብኝ፣ ከውጭ ሌላ አምጥቼ ላስገባ ስል ቦታውን ሞልቼ የሰው ሥራ አበላሸሁ አልኋቸው።

እጃቸውን ከትሪው አነሡ። «መጽሐፉ የለም ያለሽ ማነው?»

«በሩ ላይ ስገባ ነው የለም ያለኝ።»

«በሩን መቼ ጠየቅሁሽ። ገበዙ ምን አለ?»

ቄሰ ገበዙ የደብሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት ናቸው። ልጅ ሳለሁ አባቴ መጽሐፍ ሲፈልጉ እኔን ነበር ወደሳቸው የሚልኩኝ። የመጽሐፉን ስም እነግራቸዋለሁ፤ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለውን ያወጡልኛል። ስሙን ከሳትሁ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ዕቃ ቤቱ ሙሉ ነው፤ በደጅ ለሚያልፍ ሰው ግን አንድም መጽሐፍ አይታይም።

«ገበዙን አልጠየቅሁም» አልሁ።

«ታዲያ ከገበያ ገዝተሽ ኅብስቱ የሚጋገርበት ቤተ ልሔም ውስጥ ልትከምሪው ነበር?» አሉኝ፤ ሳቃቸውን አፍነው ነበር። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «የሰውዬው ሥራስ? የስድስት ቀኑ?»

«አላወቀም። እኔ መሆኔን።»

«አንቺ ግን አውቀሻል» አሉና ጉርሻ ጠቅልለው ሰጡኝ። ዋጥሁት።

ሐሙስ ጧት የብረቱን በር አንኳኳሁ። ብርዱ ፊቴን መታኝ። ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«ጋሼ፣ የጋራውን ቦታ የሞላሁት እኔ ነኝ» አልሁ። እንዴት አደሩም አላልሁ።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«እንዴት ትለኛለች! ስምሽ አለበት እኮ።» ስክሪናቸውን ወደኔ አዞሩት። እያንዳንዱ የገለበጥሁት ፋይል አጠገብ ስሜ ተጽፏል፤ ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር፣ ስሜ፣ ስሜ፣ ስሜ። «ለየራሳችሁ መግቢያ የሰጠኋችሁ ለምን መሰለሽ? ለጌጥ? ትናንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅሁሽ። ትመጣለች አልሁ። አሥራ አንድ ሲሆን፣ ሄደች አልሁ።»

«ለምን አልጠሩኝም?»

«በሩ ጠፍቶሽ ነው የምጠራሽ?»

በሩን ከኋላዬ ገፍቼ ዘጋሁት።

«ደግሞ የባለቤቱን ቁልፍ ሞክረሻል። አራት ጊዜ።»

«ሪፖርት ይደረጋል ይላል። ለማን ነው ሪፖርት የሚደረገው?»

«ለኔ ነዋ። ሌላ ማን አለ እዚህ?» ቆሎውን ዘረጉልኝ። አልወሰድሁም። «በይ ንገሪኝ፣ ምን ፈልገሽ ነው ይሄ ሁሉ?»

የፕሮግራሙን ስም ነገርኋቸው።

«እሱማ አለ።»

«እውነት አለ ወይስ ከሰዓት ብቅ በይ ነው?»

አልገባቸውም። ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። «ግቢና አሳዪኝ።»

ገባሁ። ሰላምታው መውረድ ሲጀምር ጣቴ ሊያልፈው ሄደ። «ቁሚ» አሉ። «አንብቢልኝ።»

«ሰላምታ ነው እኮ ጋሼ።»

«አንብቢ አልሁሽ።»

እንደ ተማሪ ጮኽ ብዬ አነበብሁ። እንኳን ደህና መጡ። ይህ የጋራ ማሽን ነው። ከዚያ በታች፣ አምስተኛው መስመር ላይ፣ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዝርዝራቸውን ለማየት «ሞጁል አቬል» ብለው ይጻፉ፤ ለመጠቀም «ሞጁል ሎድ» ብለው የሚፈልጉትን ስም ይጨምሩ ይላል። ማክሰኞም ነበረ። ረቡዕም ነበረ። በገባሁ ቁጥር ሁሉ ነበረ።

ጻፍሁት። ዝርዝሩ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ፕሮግራሞች፣ የኔው ደግሞ መሐል ላይ፣ አሮጌና አዲስ ሆኖ፣ ከነእትም ቁጥሩ፣ አራት ቦታ።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ነበረ?»

«ታዲያስ። ሜዳ ላይ አላሰጣውም እንጂ። አንዱ አሮጌውን ይፈልጋል፣ አንዱ አዲሱን ይፈልጋል፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ባወጣቸው እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ስሙን ለጠራ ብቻ ይወጣለታል። ያቺ ያገባችው ልጅ ስትገባ ራሱ እንዲወጣላት አድርጋ ጽፋው ነበር። አንቺ የሰው ቤት ገብተሽ የቀረበ ማዕድ ነው ስትበይ የከረምሽው።»

ሁለት ሳምንት የሠራሁበትን ቁጥር ለይቼ «ሞጁል ሎድ» ብዬ ጠራሁት፣ ከዚያ የፕሮግራሙን ስም ጻፍሁ። ተከፈተ። ጣናዬ ከነእምቦጩ ወለል ብሎ መጣ። ከደስታ ይልቅ ንዴት ያዘኝ። ሁለት ቀን! ለአንድ መስመር!

«አሁን የገለበጥሽውን አንሺ» አሉ። «እኔ አላነሣልሽም፣ በእጅሽ።» አንድ በአንድ አጠፋሁት፤ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ቆሎ እየቆረጠሙ።

ከዚያ ወደ መራዊው ልጅ ሄድሁ። ሰው ሁሉ ባለበት ነው የነገርሁት፤ ለብቻ ለመጥራት ድፍረቱ አልነበረኝም፣ እግሬ ወደ ኋላ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ።

«ትናንት የሞላሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ስድስት ቀን» አለ። «ስድስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ምንድን ነው የጫንሽበት?»

«የካርታ ፕሮግራም። ከፍላሽ።»

«ከፍላሽ?» ከወዲያ ጥግ ያለው ሰው መሳቅ ጀመረ። «ከፍላሽ! እዚህ ማሽን ላይ! የት ነው የተማርሽው አንቺ?»

«አልተማርሁም» አልሁ። «አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ሹም አቦ ኮምፒውተር ቤት ነው የሠራሁት።»

ሁለት ሳምንት የፈራሁት ይህ ነበር። ከዚያ መራዊው «በይ የፍላሽ ልጅ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ስሙ ተለጠፈብኝ። እሱ ራሱ ግን ሰላም ሳይለኝ አንድ ሳምንት አለፈ፤ መብቱ ነው።

ዶክተር ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። ቁጭ በይም አላሉኝ።

«ማክሰኞ ይሄዳል ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼዎት ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ምስል ቀርቷል?»

«ስምንት።»

«እስከ ነገ ከሰዓት ይደርሳል?»

«ይደርሳል» ልል አፌ ተከፈተ፤ ያዝሁት። «አላውቅም።»

«አላውቅም» ብለው ደገሙት፣ እንደሚቀምሱት ሰው። «ሂጂ። የደረሰሽን አምጪ። ስለ ውሉ ሰኞ እንነጋገራለን።»

ምሳ ሳልበላ ሠራሁ። ማታ ስወጣ አራት ቀርተውኛል። ዓርብ ጧት ሮጬ መጣሁ፣ ገባሁ፣ የፕሮግራሙን ስም ጻፍሁ።

የለም።

ቀሙኝ አልሁ። ዶክተር ነግረዋቸው ጋሼ ቆልፈውብኛል፣ ውሉ አለቀ፣ አለቀ። ወንበሬ ላይ ቀጥ ማለት ስጀምር ግን ራሴን አወቅሁት። ብድግ ብዬ ኮሪደሩን በሩጫ ተሻገርሁ፤ በሩን ሳላንኳኳ ከፈትሁት።

«ጋሼ! የለም አለኝ!»

«ዛሬ ጠርተሽዋል?»

«ትናንት ጠርቼዋለሁ!»

«ትናንትማ ወጣሽ፣ ዕቃ ቤቱ ተዘጋ። በገባሽ ቁጥር ነው የሚጠራ።» ሳቁ፣ ጋቢያቸው ተንሸራተተ። «ያቺ ልጅ እንዳደረገችው ራሱ እንዲወጣልሽ ልጻፍልሽ?»

አሰብሁበት። «አይ። በእጄ ልልመደው።»

«እንግዲያው ሩጪ። ስትወጪ በሩን ዝጊው፣ ሙቀቱ ይገባል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተር በሩ ላይ ቆሙ። አንዱ ምስል ደንገሉ ከእምቦጩ ተጠላልፎበት ቀኑን ስለፈጀብኝ ሦስት ምስል ቀርቶኛል። ከመቸኮሌ መስመሩን እያበላሸሁት ስለነበር አቆምሁ። ካርታው ሲታተም ሦስት ቦታ ነጭ ሆኖ ወጣ። «ምን ተብሎ ይጻፍበት?» አልኋቸው። ራሳቸው በእስክሪብቶ ሦስቱም ላይ ጻፉ፦ ያልታየ። ይዘውት ሄዱ።

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ሰኞ ጧት ዶክተር ቢሮ ቆሜ ሳለሁ ስልካቸው ጮኸ። ከጀልባዎቹ ነው፤ የዘመቻው መሪ። ጥቂት ሰምተው ስልኩን ለኔ ሰጡኝ። «አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኅቴ» አለ የሰውዬው ድምፅ፣ ሞተሩ ከኋላው ያጓራል። «ካርታው ላይ ሦስት ቦታ ነጭ ነው። እምቦጭ የለም ማለት ነው?»

«የለም ማለት አይደለም» አልሁ። «አላየሁትም ማለት ነው። ጊዜ አጥፍቼ ሳላየው ቀረሁ።»

«እንግዲህ እኛ አይተን እንነግርሻለን።»

ወደ ማታ እንደገና በዶክተር ስልክ ደወለልኝ። ሁለቱ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ሦስተኛው ግን ጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ። ወደዚያ የወጣችው አንዲት ጀልባ ብቻ ስለነበረች ሳይነቅሉት ተመልሰዋል፣ ሌላ ቀን ይሄዱበታል። «ሌላ ጊዜ እይልን» አለኝ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ወር እጨምርልሻለሁ» አሉ ዶክተር ስልኩን ስመልስላቸው። «ዓመቱን አይደለም። ወሩን ነው። ከዚያ እናያለን።»

እንግዲህ ይኸው ሌላ ሙከራ፣ ሌላ ወር።

ማክሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በስሜ ገባሁ። ሰላምታው መውረድ ጀመረ፤ እጄን ከኪቦርዱ አንሥቼ አነበብሁት፣ ከእንኳን ደህና መጡ ጀምሮ። ከታች፣ ከተጨማሪ ፕሮግራሞቹ መስመር ቀጥሎ፣ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ አዲስ መስመር ተጨምሯል፤ እባክዎ ከፍላሽ ያመጡትን ፕሮግራም የጋራው ቦታ ላይ አይዘርግፉ፣ የፈለጉትን በሩን አንኳኩተው ይጠይቁ። ስም አልተጻፈበትም። ከመስኮቱ ሥር ግን መራዊው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት፤ እሱም እያነበበው ነበር።

ዶክተር ብቅ አሉ። «እንዴት ነው፣ ይሄዳል?»

«ቆይ፣ ልየው» አልኋቸው፤ ዝርዝሩን ጠራሁና የፕሮግራሜን ስም መፈለግ ጀመርሁ።